ጫማ ማውለቂያ፦ ሦስት ሌሊት አራት ኪሎ

ዓርብ ማታ ሻንጣ እየጎተትን ከኮንዶሚኒየሙ ስንወጣ ጎረቤታችንን ደረጃው ላይ አገኘነው።

«በሰላም ነው? ወዴት ናችሁ?»

«አራት ኪሎ» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ተቀየረ። «ውይ! ማን አረፈ?»

አልፈርድበትም። ከአያት ተነስቶ፣ ሻንጣ ይዞ፣ አራት ኪሎ የሚያድር ሰው ለቅሶ ካልሆነ ሌላ ምን ይኖረዋል? ልንዝናና መሆኑን ስነግረው ደግሞ ይበልጥ ግራ ገባው። «እዚሁ?» አለ። አዎ፣ እዚሁ።

ዘንድሮ፣ በ2018 ማለቴ ነው፣ ጥምቀት ሰኞ ዋለ። ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እረፍት። መሥሪያ ቤት ወሬው ሁሉ ሀዋሳና ቢሾፍቱ ነበር። እኛም ሀዋሳን አስበን ነበር። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ መደመር ጀመረ። ደርሶ መልስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ነዳጁ። የበዓል የሆቴል ዋጋው። ግማሹ እረፍት መኪና ውስጥ ማለቁ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ዝም አለ። ቢሾፍቱን ደግሞ ባለፈው በዓል አይተናታል፤ ሐይቁን ያየነው በሰው ትከሻ መሃል ነው።

እኔ ባሻ ወልዴ ችሎት ነው ያደግሁት። ሰፈሩ ከፈረሰ ቆይቷል። እናቴ እዚያ በነበረች ጊዜ ጥምቀት ቀላል ነገር ነበር። ከቤት ትወጣለህ፣ በእግርህ ጃንሜዳ ትደርሳለህ፣ ሲደክምህ ተመልሰህ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ቡናህን ጠጥተህ እንደገና ትወጣለህ። አሁን ከአያት ጃንሜዳ መሄድ ማለት የታክሲ ሰልፍ፣ የተዘጋ መንገድ፣ የልጅ ለቅሶ ነው። ገና ታቦቱን ሳታይ መመለሻህን ታስባለህ። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ፈለግሁ። ጫማ የማወልቅበት ቤት። ይኸው ነው። የምጽፈውም ስለዚያ ቤት ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ሲሄዱ መንገድ ዳር ያለ ፔንሲዮን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ወቀሳ አለኝና። አራት ፎቅ ነው። ሥሩ ፎቶ ኮፒ ቤትና ልብስ ስፌት አለ። ከሳምንት በፊት ራሴ ሄጄ ክፍል አይቻለሁ። 207 ቁጥር። ትልቅ ነገር የለውም፤ ግን መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው የሚከፈተው። ታቦት የሚያልፍበት መንገድ። በሌሊት 1,900 ብር ተባባልን፣ 1,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ።

ዓርብ ስንደርስ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «304 ናችሁ» አለችን።

304ን አየነው። መስኮት አለው። መስኮቱን ስትከፍተው ግድግዳና አንድ ትልቅ ጥቁር ሮቶ ይታይሃል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እጇን አውጥታ ሮቶውን ነካችው። «ማሚ፣ ታቦቱ በዚህ ነው የሚያልፈው?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ወረድኩ።

«እህቴ፣ ሁሉም ክፍል እኮ አንድ ዓይነት ነው» አለችኝ ልጅቷ።

«አንድ ዓይነት ከሆነማ እኔን 207 መልሺኝ፣ ለሌላው 304ን ስጪው።»

«207 ተይዟል። ዋጋውም ደግሞ በበዓል 2,400 ነው።»

ባለቤቴ ከኋላዬ እጅጌዬን ይጎትታል። «ተይው፣ በበዓል አትጣዪ» ይለኛል በሹክሹክታ። ለእሱ ሰው ፊት ዋጋ መከራከር ሞት ነው። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኝ አልጥልም። ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። 207 ተብሎ ተጽፏል። 1,900 ተብሎ ተጽፏል። በራሷ እጅ ጽሑፍ። ልጅቷ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለች።

ሥራ አስኪያጁ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ደረሰኙን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክፍሉን መለሱልን። ዋጋው ላይ ግን «እናንተም እንዳትጎዱ፣ እኛም እንዳንጎዳ» ብለው 2,100 አሉ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ልጄ ሻንጣው ላይ ተኝታለች። እሺ አልኩ። አሁንም ግን ይቆጨኛል። ቀብድ የተቀበሉበትን ዋጋ መቀየር ነውር ነው፤ በዓል ሆነ አልሆነ። 600 ብሩ አይደለም የከነከነኝ። ደረሰኙ ባይኖር ኖሮ ሦስት ቀን ሮቶ እያየሁ እከርም ነበር።

እንግዲህ ክፍሉ። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ እኔ ደግሞ ይህ ሽታ ያስተማምነኛል። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ የጥር ሌሊት ቀልድ አያውቅም። ትራሱ ድንጋይ ነው። ለልጄ መሬት ላይ ተጨማሪ ፍራሽ ዘረጉላት፣ ለሦስቱም ሌሊት 300 ብር። ፎጣ አንድ ብቻ ነበር፣ ለሦስት ሰው። ስጠይቅ «ነገ» ተባልኩ። በማግስቱ በእርግጥ መጣ። የራስጌው መብራት አይሠራም። ሙቅ ውሃ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህን ክፍሉን ስንይዝ ማንም አልነገረንም፤ ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ሳሙና ተቀብቼ ነው ያወቅሁት።

ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። በጎን ያለው ሰውዬ ውጭ አገር ካለ ወንድሙ ጋር እኩለ ሌሊት ድረስ ስለ ውርስ ቤት ሲከራከር አደረ። መጀመሪያ ተናደድን። በኋላ ባለቤቴ ቀና ብሎ «ሰውዬው እውነት አለው» አለኝ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነገሩ የት እንደደረሰ ለመስማት ቴሌቪዥን ዘጋን።

ቅዳሜን ለእግር ሰጠነው። በዚህ ሰፈር ማደር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፤ ከበራችን እየተንሸራሸርን ደረስን። እዚያው ሰፈር አድጌ ሙዚየሙን በደንብ ያየሁት በትምህርት ቤት ጉብኝት ጊዜ ነው። ያኔም መምህራችን እያቻኮሉን። አሁን ልጄን ይዤ ድንቅነሽ ፊት ቆምኩ። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐዳር የተገኘችዋ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ልጄ በትምህርት ቤት ሰምታ ኖሮ «ከፕራግ ተመልሳ መጣች?» ብላ ጠየቀች። ነሐሴ 2017 ላይ ድንቅነሽና ሕፃኗ ሰላም ፕራግ ሄደው ለሁለት ወር ያህል ታይተዋል። እዚህ ለጎብኚ የሚታየው ግን ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው ተቆልፎ ይጠበቃል። ይህን ስነግራት ትንሽ አኮረፈች። «ታዲያ ለእነሱ እውነተኛዋን፣ ለእኛ ቅጂ?» መልስ አልነበረኝም። ሰላም ከድንቅነሽ በዕድሜ የቆየች መሆኗን፣ ሕፃን ሆና ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት መሆኗን ስነግራት ይህኛው ሒሳብ አዝናናትና ኩርፊያውን ተወችው።

ከዚያ ስድስት ኪሎ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ወደ ውስጥ ሳትገቡ በፊት ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ እዩ። ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ነው፤ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣና ያልቃል። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ደረጃውን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። ባለቤቴ ሐውልት ሲያይ ብዙም የሚደነቅ ሰው አይደለም፤ እዚህ ግን ቆሞ ቀረ። «እንዲህ ነው ስድብ መመለስ» አለ። ልጄ ከታች ሆና ጣቷን እየቀሰረች እርከኖቹን ስትቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

ውስጥ የንጉሡን መኝታ ቤት አየን፤ የመታጠቢያ ክፍሉም ጭምር። ስለ ሌላው አላወራም፤ ሂዱና እዩት። ግማሽ ቀን ስጡት። እኛ ሁለት ሰዓት ነው የሰጠነው፣ አነሰን።

የዓድዋ ድል መታሰቢያን ለመጨመር ወደ ፒያሳ ልንወርድ አስበን ነበር። ልጄ እግሬን አለች። ወደ ክፍላችን ተመለስን። ጫማ አወለቅን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሦስታችንም እንቅልፍ ወሰደን። ሀዋሳ ብንሆን ኖሮ «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን እንተኛ?» እንባባል ነበር። አራት ኪሎ ላይ መተኛት ማንንም አያስቆጭም።

እሁድ ጠዋት ፔንሲዮኑ ውስጥ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤት ቁርስ በላን። ገሃድ ነው፣ የጥምቀት ዋዜማ ጾም፤ እሁድ በመዋሉ ከጥሉላት ብቻ ነው የሚጾመው። ፉል በዘይት፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሻይ። ፉሉ ጥሩ ነው። ቃሪያው በደንብ ተከትፏል፣ ሽንኩርቱ አልበዛም። አሳላፊው ልጅ ሳይጠየቅ ለልጄ ፉሏን ያለ ቃሪያ አመጣላት። በዚህ ብቻ ትንሽ ይቅር አልኳቸው።

ከሰዓት በፊት የልጄን ቀሚስ ከሻንጣ ሳወጣ ተጨማዷል። የሐበሻ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ካውያ ጠየቅሁ። ክፍል የሚያጸዱት እናት ይዘውልኝ መጡ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ። «እታለም፣ ይህ ካውያ ትንሽ ይይዛል፣ ተጠንቀቂ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልተጠነቀቅሁም። የልጄን ፀጉር እያየሁ፣ ባለቤቴን እያናገርኩ፣ አፍታ ብቻ ነው ካውያውን ያሳረፍኩት። ሳነሳው ከጥለቱ ከፍ ብሎ የአውራ ጣት የምታክል ቡናማ ነገር ቀርታለች። ልጄ አየቻት። አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን ገና አልወጣም። እናት የሆናችሁ ያችን ሰከንድ ታውቋታላችሁ።

ሴትየዋ ከበሩ ላይ ሆነው አዩ። ምንም ሳይሉ ሄዱና ግማሽ ሎሚ ይዘው ተመለሱ። ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አደረጉ፣ ሎሚውን በቀስታ ያሹት ጀመር። ክብ ክብ። ትንሽ ጨው ጨመሩ። መስኮቱን ከፈቱና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አሰጡት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም? ይቺ ገና ትሆናለች» አሉ ለልጄ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ሎሚውን ከፍ አድርገው አሳዩኝና ሳቁ። «በእኛ ጊዜ ይህን ይወረውሩብን ነበር። አሁን እድፍ ማስለቀቂያ ሆነ።»

እድፉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ደብዝዟል። ለሚያውቀው እንጂ ለማያውቀው አይታይም። ከፔንሲዮኑ አገልግሎት ሁሉ ኮከብ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ዋጋ ዝርዝራቸው ላይ ግን የለም።

ከተራ ለማየት 8 ሰዓት ላይ ወረድን። መንገዱ ለመኪና ተዘግቷል። አስፋልቱ ተጠርጓል፣ ውሃ ተረጭቷል። የሰፈር ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ቀይ ምንጣፍ ይዘዋል። ይህን ነገር ከቅርብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ታቦቱ የሚረግጠው ምንጣፍ አንድ ረጅም ምንጣፍ አይደለም። ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልለው፣ ትከሻቸው ላይ ጭነው፣ ሰው እየሰነጠቁ ወደ ፊት ይሮጡና እንደገና ይዘረጉታል። አሁንም ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት። ከደብሩ እስከ ጃንሜዳ እንዲሁ። አንዱ ልጅ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። አንዲት እናት የውሃ ላስቲክ ሰጡት፤ ሳይቆም ተቀበለ፣ እየሮጠ ጠጣ፣ ላስቲኩን ለጓደኛው አቀበለ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘግበው ፎቶዎቹ ሁሉ የካህናት ጥላ ነበሩ። እኔ ብሆን ምንጣፍ ተሸካሚዎቹን ነበር የማነሳው።

ታቦታቱን ተከትለን ጃንሜዳ ድረስ ሄድን። ሕዝቡን አልገልጸውም፤ ታውቁታላችሁ። ልጄ ባለቤቴ ትከሻ ላይ ሆና የጥላዎቹን ቀለም ትቆጥራለች። 12 ሰዓት ሲል ደከመን። በእግራችን ተመለስን፣ በአካባቢው ሁሉ ሰው እንደ እኛው በእግሩ ነው። ሌላው ገና ታክሲ የሚያገኝበትን ሲያስብ እኛ ደረጃ ወጥተን ጫማችንን አወለቅን። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን የማኅሌቱ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ አንዳንዴ ነፋስ ሲያዞረው ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ባለ ውርሱ ጎረቤታችን እንኳ ያን ሌሊት አልደወለም።

ሰኞ ንጋት ላይ እኔ ብቻዬን ለጸበሉ ሄድኩ። ረጥቤ፣ እየተንቀጠቀጥኩ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ሙቅ ውሃው ሰዓቱ ነበር። የዚያን ዕለት ስለ ቦይለሩ ክፉ አልናገርም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍል የሚለቀቀው 6 ሰዓት ነው። ታቦታቱ ከጃንሜዳ ሲመለሱ በእኛ መስኮት ሥር የሚያልፉት ደግሞ በዚያው ሰዓት ገደማ። መስኮቱን የተከራየሁት ለዚህ ነበር እኮ! ሪሴፕሽኗ «ከ6 ሰዓት በኋላ የግማሽ ቀን ይታሰባል» አለች። ደረሰኜን ላወጣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ወጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህችን ሴት ዳግመኛ ደረሰኝ እንዳታስወጧት» አሉ። ታቦቱ እስኪያልፍ ቆዩ ተባልን፤ ያለ ክፍያ።

በዚህም አላበቃም፣ ራሳቸው ክፍላችን መጡ፣ ከኋላቸው ያቺ ሎሚ ያሸችው እናት። «ከዚህ መስኮት ጥሩ ይታያል» አሉ፣ እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆመው። ግቡ አልናቸው። አምስታችን አንድ መስኮት ላይ ተደራረብን። ከታች እልልታው ቀረበ፣ ምንጣፉ ተዘረጋ፣ ጥላዎቹ መጡ። ከላይ ሲታዩ ጥላዎቹ ሌላ ናቸው፤ ወርቃማው ዘርፍ ብቻ ነው የሚወዛወዘው። ሁላችንም ከመስኮቱ ሸሸት አልንና አንገታችንን ደፋን፤ ከታቦት በላይ ቆሞ ማየት ከብዶን። ይህን ስከራየው አላሰብኩትም ነበር። ልጄ ብቻ ናት በመስኮቱ ጠርዝ ዓይኗን ብቅ አድርጋ ያየችው። ሚካኤል ግን እዚያው ጃንሜዳ ያድራል፤ እሱ የሚመለሰው በማግስቱ ጥር 12 ነው። እኛ ደግሞ ማክሰኞ ሥራ አለን።

ሒሳቡን ለምትፈልጉ፦ ክፍል 6,300፣ ፍራሽ 300፣ ቁርስና ምሳ፣ ሙዚየም፣ ታክሲ ተደምሮ 10,000 ብር አልሞላም። ሀዋሳ የሄደችው ባልደረባዬ ምን ያህል እንዳወጣች ጠይቄያት ነበር። «ተዪኝ» አለችኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ክፍሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ያዙ። የክፍል ቁጥሩንም ዋጋውንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ፎጣና ትራስ ከቤት ያዙ። ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቁ። ካውያ አትጠይቁ።

ሥራ አስኪያጁ ስንወጣ «የሚቀጥለውን ከአሁኑ ልያዝላችሁ?» አሉን። ስልኬ ላይ ቀን አየሁ። በ2019 ጥምቀት ማክሰኞ ነው የሚውለው። ባለቤቴን አየሁት። እሱ ግን ቀድሞኝ ኪሱ ገብቷል፣ 1,000 ብር ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሰኞን ከዓመት ፈቃድሽ ትወስጃለሽ» አለኝ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «207 ብለሽ ጻፊ» አላት።